ደኩዋንና የተበላው ማር

ቺዩ ደኩዋን በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ በጂምናስቲክ ጥንድ ዘንግ ላይ ያልሠራው ነገር ቢኖር ሳይወድቅ መጨረስ ብቻ ነው። ልምምድ ላይ ሲያዩት ጦጣ ያስንቃል፤ ፍጻሜ ሲደርስ ግን ዱብ! የቻይናዋ የሸንያንግ ከተማ ተመልካች እንዲህ ያለውን ሲያይ “ጂያኦዚ ድስት ገባ!” ብሎ ይጮኻል፤ ሥጋ የታጨቀበት ሊጥ የፈላ ውሃ ውስጥ ዱብ ዱብ ሲል እያሰበ። የባሰው ደግሞ አባቱ ሽማግሌው ቺዩ የእውነት ጂያኦዚ ሻጭ ናቸው። ልጃቸው በቴሌቪዥን በወደቀ ቁጥር ምግብ ቤታቸው በሳቅ ይናጋል፤ አንዱም ሳህኑን አንስቶ፣

“አባባ ቺዩ፣ ልጅዎ ገብቷል! ለኔም አንድ ሳህን ይግባልኝ!” ይላል።

የቡድኑ መሪ ጠርቶ ቁርጡን ነገረው። “በዘንድሮው ውድድር ሳትወድቅ ከጨረስክ የታዳጊዎች አሰልጣኝ ሆነህ ትቀራለህ። ከወደቅክ ወደ አባትህ ሊጥ!”

አባትየው ይህን ሲሰሙ በልጃቸው ልክ ሽርጥ አሰፉ።

በውድድሩ ቀን ደኩዋን ሻንጣውን ከፈተ። የጥንድ ዘንግ ሰው መዳፉን ማር ቀብቶ ነጭ ዱቄት ካልነሰነሰበት ዘንጉ ያሟልጨዋል። የማሩ ብልቃጥ ግን ተልሶ ያብረቀርቃል። አጠገቡ የቡድን ጓደኛው ፑ በእንፋሎት የበሰለ ዳቦ ያላምጣል።

“ፑ! ማሬን ምን አደረግኸው?”

“ያንተ ነበር እንዴ? እኔ እኮ የቡድኑ ቁርስ መስሎኝ… ግሩም ማር ነው ወንድሜ፣ የየት አገር ነው?”

“የእጄ ነው፣ አንተ ሆዳም!”

አሰልጣኝ መንግ በበረዶው ውስጥ ሮጦ ወጣ። በር ላይ ፍራፍሬ በስንጥር ሰክቶ ስኳር ከሚያለብሰው ሰውዬ አንድ ሲኒ የቀለጠ ስኳር ይዞ ተመለሰ።

“ማርም ስኳርም ያው ጣፋጭ ነው። ተቀባ!”

ተቀባ። ያ ስኳር ሲሞቅ ማር ነው፤ ሲበርድ መስታወት። የአዳራሹ ማሞቂያ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፏል። ደኩዋን እጁን ከዘንጉ ባነሳ ቁጥር ቋ! ቋ! ይል ጀመር። ግን አላዳለጠውም፤ በፊት የሚወድቅበትን ቦታ ሁሉ አለፈ። በመጨረሻ እግሩን ወደ ጣሪያ ሰቅሎ በእጁ ቆመ። ሁለት ሰከንድ ይበቃው ነበር። አምስት ደቂቃ ቆመ።

“ውረድ እንጂ!” አለ አሰልጣኙ።

“አልለቅም አለኝ!”

“ማን?”

“ዘንጉ!”

አንዷ ዳኛ ሻይዋን ጨርሳ ሌላ አስቀዳች። ከጣሪያው አንዲት ድንቢጥ ወርዳ የደኩዋን ተረከዝ ላይ አረፈች፤ ቦታው ተመችቷት ላባዋን ታበጥር ጀመር።

ይኼኔ ሽማግሌው ቺዩ ሽርጡን በብብታቸው፣ የሚጠጡትን ሙቅ ውሃ በፔርሙዝ ይዘው ከተመልካቹ መሃል ተነሡ።

“ዞር በሉ! ስኳር በጉልበት አይላቀቅም!”

ደኩዋን ተዘቅዝቆ ሲያያቸው ልቡ ወደ ጉሮሮው ወረደ። “አባዬ፣ ቀስ ብለህ አፍስስ። አንዱ እጄ ቀድሞ ከለቀቀ እወድቃለሁ።”

“አውቃለሁ። ከወደቅክ የኔ ነህ።”

ሽማግሌው ሽርጡን አዩ፤ ልጁን አዩ። ከዚያ ሽርጡን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ግማሹን ውሃ በቀኙ፣ ግማሹን በግራው እኩል አፈሰሱ። እጆቹ ባንድነት ለቀቁ። ድንቢጧ በረረች፤ ደኩዋንም በአየር ላይ ተገልብጦ በሁለት እግሩ ምንጣፉ ላይ ተተከለ። ንቅንቅ አላለም!

ዳኞቹ ተጨቃጨቁ። አንዱ “ሰው ረድቶታል፣ ነጥብ የለውም” አለ። ሌላው “እንዲያውም እንደ ወደቀ ይቆጠር” አለ።

ዋናዋ ዳኛ መነጽሯን አወለቀች። “ወደቀስ አይባልም። ቀለጠ እንጂ።”

ነጥቡ ከሁሉ ያነሰ ሆነ። የውድቀት ቁጥር በሚሞላበት ቦታ ላይ ግን ዜሮ ተጻፈ። የቡድኑ መሪ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን ሳይቀር መረመረ፤ ማምለጫ አጣ።

“በቃ፣ ነገ ሥራ ጀምር” አለው።

ፑ ቀሪ ዳቦውን እያላመጠ ተጠጋ። “አባባ፣ ይኼ ሽርጥ ታዲያ ለማን ሊሆን ነው?”

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች በዓይናቸው ለኩት።

“ና ልጄ፣ ዙር እስቲ። ላንተ ልክ ነው። እኔ ቤት ማር የለም።”