በመስኮት የተሰጠ ምርቃት

አባቴ ሻረው ምርቃት የሚሰጡት ለሚሄድ ሰው ነው። እህቴ ሰብሌ ወደ ዳባት ስትዳር፣ ታላቅ ወንድሜ ለሥራ ወደ መተማ ሲወርድ፣ ደጃፍ ላይ አንበርክከው፣ እጃቸውን ጭነው፣ በመጨረሻም አናታቸው ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው ሸኝተዋቸዋል። እኔ ግን የትም ሄጄ አላውቅም። አሥረኛን ጨርሼ እዚሁ ደባርቅ ቀረሁ፤ ከሰው ይልቅ ከጉም ጋር ስውል ስለሚያዩኝ "ደመና ጠባቂው" ይሉኛል።

ዘንድሮ መሄጃው የእሳቸው ሆነ። ጉበታቸው ላይ የበቀለው ነገር መድኃኒት የለውም ተባለና፣ ማስታገሻ ብቻ እየተሰጣቸው ሆስፒታል ተኙ። ኮሮና ነውና ከአንድ አስታማሚ በቀር ማንም አይገባም፤ አስታማሚዋ ሰብሌ ናት። እኔ በጓሮ ዞሬ መስኮቱ ሥር እቆማለሁ። መስታወቱ አይከፈትም፤ ከላይ ባለችው ጠባብ ማናፈሻ ግን ድምፅ ያልፋል።

ያን ዕለት ድምፃቸው ከስቶ ነበር። ሳልመረቅ ሊያመልጡኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

"አባዬ፣ ይመርቁኝ።"

"ወዴት ልትሄድ?"

"እኔማ የትም። የሚሄዱት እርስዎ ነዎት።"

ሰብሌ ደንግጣ አፏን ያዘች። አባቴ ግን ሳቁ፤ ጭምብላቸው እስኪነፋ ሳቁ። "እውነቱን ነው! ተሸኚውም እኔ፣ መራቂውም እኔ! በይ ሰብሌ፣ ወደ መስኮቱ አስጠጊኝ።"

ነርሷ ሲስተር የትናየት ይህን ሰምታ ገባች። "አባባ፣ ጭምብሉን እንዳይነኩት።"

"ልጄ፣ እንትፍ ያላሉበት ምርቃት ምን ያደርጋል? በቅሎን ሳይጭኑ እንደ መንዳት ነው።" ዕድሜያቸውን የአገር ጎብኚ ጓዝ በበቅሎ ጭነው ተራራው ላይ ሳንቃ በር ድረስ ሲመላለሱ የኖሩ ናቸውና ምሳሌያቸው ሁሉ በቅሎ ነው።

"ኧረ አባባ! አገር ምድሩ ምራቅ በሚፈራበት ጊዜ!"

"መስታወቱ አለ አይደል? ልጁ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ።"

ሲስተር መስታወቱን አየች፤ እኔን አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "ሰብሌ፣ ራቅ በይ። እኔ አላየሁም። ቶሎ ይበሉ።"

ኮፍያዬን አውልቄ አናቴን ከመስታወቱ ገጠምሁ። ቀዘቀዘኝ። እሳቸው በውስጥ በኩል መዳፋቸውን አሳረፉ።

"ሰማዩን አይተህ አትጥገብ፤ እግርህ ግን ገደል አይርገጥ።"

"አሜን!"

"ዘመድህ እንደ ጭላዳ ዝንጀሮ ይብዛ፤ ጩኸቱና ንክሻው ግን ይቅርብህ።"

"አሜን!" ያለችው ሲስተር ናት፣ ፊቷን ግድግዳው ላይ እንደተከለች።

"የወደድሃት ትውደድህ። እምቢ ካለች ታናሿ ትውደድህ!"

"አባዬ!" አለች ሰብሌ።

"አሜን በዪ እንጂ!"

አሜን አልን። ጭምብላቸውን ዝቅ አደረጉ። እንትፍ! እንትፍ! መስታወቱ ላይ፣ ልክ አናቴ ባረፈበት።

"ደረሰህ?"

"ደረሰኝ አባዬ!" ጮኼ ነው የመለስሁት፤ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ሲስተር አልኮል የነካ ጨርቅ ይዛ ወደ መስታወቱ ፈጠነች።

"ተይው!" አሉ አባቴ፣ ድምፃቸው ድንገት የበቅሎ ነጂ ድምፅ ሆኖ። "እስኪደርቅ ተይው፤ ገና እየሠራ ነው!"

ጨርቁን እንደያዘች ቆመች። እነሱ በውስጥ፣ እኔ በውጭ፣ እየሳቅን እስኪደርቅ ጠበቅን።