ካስክ የማያስነሳው ኢንቨርተር

አባባ ከሾፌርነት ሲወጣ አንዲት አሮጌ አውቶብስ ገዝቶ ግቢያችን ውስጥ ገተራት። "ወንበሮቿን ነቅለን የፀጉር ቤት እናደርግልሻለን። ገበያም ሰርግም ካለበት እየነዳሁ አደርስሻለሁ" አለኝ። አመንኩት። ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ የሰፈሩን ሴት ፀጉር የምሠራው ደጃችን ላይ በርጩማ አስቀምጬ ነው። ዝናብ ሲመጣ ግማሽ ጭንቅላቷ ተሠርቶ የምትሮጥ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዙ አይቻለሁ።

ወንበሮቹን የነቀልኩ እኔ፣ ዝገቱን የፋቅኩ እኔ፣ መስታወቱን የሰቀልኩ እኔ። እማዬ "ጌታው" የምትለው ታላቅ ወንድሜ አንገቱን በመስኮት አስግጎ "መስታወትሽ ጠማማ ነው" ይለኝ ነበር።

"ጠማማው ፊትህ ነው" እለዋለሁ።

የቀረን ሶላሩ ብቻ ነበር። ከቤታችን ስለሱ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ጎረቤታችንን ኤሌክትሪሺያኑን፣ የሚስቱን ፀጉር በነፃ እየሠራሁ፣ ጠይቄ ጠይቄ አሰልችቼዋለሁ። ፓኔሉ ከፀሐይ ይሰበስባል፣ ባትሪው ያጠራቅማል፣ ኢንቨርተሩ ደግሞ ያን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲሆን ይቀይረዋል። ፀጉር የሚያደርቀው ካስክ ሆዳም ነው፤ ትልቅ ኢንቨርተር ካላገኘ ንቅንቅ አይልም።

ከአባባ ጋር ሱቅ ገባን።

"ምን ልታስነሱበት ነው?" አለ ባለሱቁ።

"ካስክ፣ የፀጉር ፎን፣ መብራት" አልኩ ፈጠን ብዬ።

"እንግዲያው ይሄ ነው" ብሎ ትልቁን ኢንቨርተር በሁለት እጁ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ ጫነው።

አባባ ሳል ሳል አደረገው። "እስቲ ትንሹን አሳየን።"

"ትንሹ እኮ ካስክ አያስነሳም አባቴ። ገና ሲሰካ ይጠፋል።"

"ግድ የለም።"

"ኧረ ግድ አለው! ደንበኞቼን በምን ላደርቃቸው ነው? እፍ እያልኩ?"

ባለሱቁ ሳቀ። አባባ አልሳቀም። ዕድሜውን ሙሉ መሪ የጨበጠ ሰው ነው፤ መጠምዘዝ የሚችለው መኪና እንጂ ወሬ አይደለም።

"ፍሪጅ ግን ያስነሳል አይደል?" ብሎ ባለሱቁን ጠየቀው።

"ትንሽ ፍሪጅ ከሆነ፣ አዎ።"

"የምን ፍሪጅ?" አልኩ።

አባባ መደርደሪያው ላይ ያለውን ትንሹን ኢንቨርተር ማገላበጥ ጀመረ።

"አባባ፣ የምን ፍሪጅ?"

"የወንድምሽ ነው።" ዓይኑን ከጫማው ላይ አላነሳም። "አውቶብሷ ውስጥ ቀዝቃዛ መጠጥ ሊሸጥ ነው። እሱ ነገ ትዳር ይይዛል። አንቺ እኮ በርጩማሽም ላይ ይኸው እየሠራሽ ነው።"

"እማዬ ታውቃለች?"

"እሷ ናት ያለችው።"

ለካ ሁሉም ሲያውቁ ነው ዝገት ስፍቅ የከረምኩት! ጌታውም መስታወቱ ጠማማ ነው እያለ ሲስቅ ያውቅ ነበር።

"ታዲያ እኔን ለምን አመጣኸኝ?"

"አንቺ ስለምታውቂው ነዋ። እንዳያታልሉን ብዬ።"

እንዳያታልሉን! ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል እሰማ ነበር፤ ሞፈሩን ራሷ አስመርጣ የምትሰጥ ሞኝ ግን ከእኔ በቀር ያለች አይመስለኝም።

ባለሱቁ ስልክ ተደወለለትና ወደ ውጭ ወጣ። አባባ ከተደረደሩት ባትሪዎች ትንሿ ላይ እጁን አሳርፎ በሹክሹክታ "ይቺ ፍሪጁን ታሳድራለች?" አለኝ።

አታሳድርም። ካስክ ሲጨርሱ ይነቀላል፤ ፍሪጅ ግን ቀንም ሌትም ይበላል። ያቺ ባትሪ ሌሊቱ ሳይጋመስ ባዶዋን ትቀራለች፣ የጌታው መጠጥም ሲነጋ ለብ ብሎ ይገኛል። ትልቋ ባትሪ አጠገቧ ተቀምጣለች። ምላሴ ጫፍ ላይ መጣልኝ፤ ዋጥኩት።

"ሾፌሩ አንተ ነህ አባባ" አልኩት። "አንተ ካልክ ትበቃለች።"

ፊቱ ፈካ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና "እኔ እኮ ትቀየሚኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር" አለኝ። ባለሱቁ ሲመለስ የትንሹን ኢንቨርተርና የትንሿን ባትሪ ዋጋ ከፍሎ ባትሪዋን አሳቀፈኝ።

አቅፌያት ወጣሁ።