ሰላም ሳይል የሚያልፍ ባቡር

…እና ታዲያ ሰው ደጅ ደርሶ ሰላም ሳይል ይለፍ እንዴ፣ ይቆማል እንጂ፣ እዚህም ይቆማል፣ እዚያም ይቆማል፣ ባቡር ቢሆንስ፣ አሳዳጊ የበደለው ነው?

ልብስ ሰፊዋ አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ምንም አልቀረው፣ ማውሱን እንደ መቀስ ጨብጣዋለች፣ ጭኗ ላይ ለነገ የተቀጠረ የሰው ቀሚስ፣ አንዱ እጅጌ ተገጥሟል፣ አንዱ ገና፣ ይቆይ፣ ቀሚስ የትም አይሄድም፣ የሚሄደው ሰው ነው። ስክሪኑ ውስጥ ኮረብታው ላይ ካሉት ቤቶች አሁንም አንዱ መብራቱ ጠፋ። ውይ! ሄዱ። ጎረቤት እንኳ ሳይሰናበቱ።

ይህን ጌም የጫነችላት ልጇ ናት፣ ስታገባ አሮጌውን ኮምፒውተር ትታላት፣ እማዬ ብቻሽን እንዳይሰለችሽ፣ ብቻሽን አለች! ከመስኮቱ ሥር መንደሩ በሙሉ ሲወጣ ሲወርድ እየዋለ ብቻዋን የሆነችው መቼ ነው፣ ግን ወደደችው፣ እውነት ለመናገር ከመስኮቱ ቀጥሎ የወደደችው ነገር እሱ ነው። ከተማ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት፣ አንቺ ሐዲድ ትዘረጊያለሽ፣ ጣቢያ ትሠሪያለሽ፣ ሰው ይሳፈራል፣ የተመቸው ፊቱ አረንጓዴ፣ የከፋው ቀይ፣ ጭራሽ የመረረው መብራቱን አጥፍቶ ከተማውን ለቆ ይሄዳል። ፊደሉ ይቅርባት፣ ፊደል ድሮም እንደ ነገሩ ነው የምትለየው፣ ፊት ማንበብ ግን… ማን ይወዳደራታል፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ከአረማመዱ የምታውቅ ሴት።

ከተማውን እንደሆነ ዙሪያውን ከባዋለች፣ ከገበያው ወደ ሆስፒታሉ፣ ከሆስፒታሉ ወደ ፋብሪካው፣ ወንዙን በድልድይ ተሻግሮ ተመልሶ ገበያ፣ እንደ ቀሚስ ጫፍ ዘምዝማ ጨርሳዋለች። የቀረው መሐል ላይ ተጎልቶ የሚያያት ኮረብታ ነው። የዛሬው ጣጣ ሁሉ ያለው እሱ ላይ ነው።

የባለቤቷ ሥራ ነው። ያ አባ ዝም፣ አንድ ቃል እስኪያወጣ ሻይ የሚቀዘቅዝበት ሰውዬ፣ ጠዋት ዘንቢሉን አንጠልጥሎ ከጀርባዋ ቆመና ስክሪኑን ሲያይ ሲያይ ቆይቶ፣ አየሽ፣ በጌምሽ እንኳ ዳገት ላይ ሰው አይኖርም፣ አላት። ጀመረው! ልጃቸው ሜዳው ሰፈር፣ ከቤቷ አጠገብ፣ ደረጃ የሌለው ቤት አግኝታላቸዋለች፣ ቤቱን ሌላ ሰውም ፈልጎታል፣ ከሰዓት ትደውላለች፣ ትመጣላችሁ አትመጡም ቁርጡን ንገሩኝ ብላለች። ለጉልበትሽ ብዬ ነው ይላታል። ጉልበቴ ምን ሆነ? ደረጃው ይጎዳሻል። አንተ ሰውዬ፣ እኔ ደረጃ የምወጣው በዓይኔ ነው፣ ከዚህ ወንበር ተነስቼ የት ሄጄ አውቃለሁ! ሳቀ፣ እሱ ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚስቀው፣ እሺ እንወራረድ፣ ከገበያ ስመለስ ኮረብታሽ ላይ መብራቱ ሁሉ በርቶ ከጠበቀኝ አንመጣም እላታለሁ፣ ሁለተኛም አላነሳውም፣ ከጠፋ ግን እንሄዳለን። ቃል? ቃል። ዓይኔን ግንባር ያድርገው።

እንግዲህ ይህን መስኮት ልትለቅ! ከስፌት መኪናው ወንበር ላይ ሆና ወደ ቤታቸው የሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ከሥሩ እስከ ጫፉ ወለል ብሎ ይታያታል፣ ማን አዲስ ጫማ እንዳደረገ፣ ማን የማን ቤት በር ሳያንኳኳ እንደገባ፣ ሜዳ ላይ ምን ይታያል፣ የሰው ጀርባ። አይሆንም። መብራቱ ይበራል።

መጀመሪያ ሐዲዱን ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ሳበችው፣ ቀላ፣ እምቢ አለ፣ ሌላ ቦታ ሳበችው፣ ቀላ፣ ባቡር ፍየል አይደለም አለች ለራሷ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉትም ዳገት ስላልነበረበት ነው። ዓይኗ ጭኗ ላይ ወደቀ። እጅጌው። እጅጌ ትከሻ ላይ ቀጥ ተብሎ ተጎትቶ ይገጠማል እንዴ፣ ዙሪያውን ነው፣ ትንሽ እየለቀቁ፣ ትንሽ እየሰበሰቡ፣ እያባበሉ። ሐዲዱን ኮረብታው ወገብ ላይ አዞረችው፣ ደግማ አዞረችው፣ ወጣ! ጫፉ ላይ ወጣ፣ እሰይ፣ እጆቿን ስታጨበጭብ ቀሚሱ መሬት ወደቀ።

ጣቢያ ደግሞ አትሰስትም፣ በየቤቱ ደጅ አንድ። ይህቺ ቀይ ጣሪያዋ የፀጉር ሠሪዋ ትሁን፣ ይህ ግንብ አጥር የጡረተኛው አስተማሪ፣ ይህቺ ጓሮዋ የሰፋው የዶሮ ሻጯ፣ ሁሉንም ከደረጃቸው ግራና ቀኝ አንስታ አስፍራቸዋለች፣ አንዱ ጋ ቆሜ አንዱን ባልፍ ምን ይሉኛል፣ ዶሮ ሻጯማ እስከ ዕለተ ሞቷ አትለቀኝም፣ ንቃኝ ነው ትላለች። ክቡራን መንገደኞች፣ ቀጣዩ ጣቢያ የፀጉር ሠሪዋ ደጅ ነው፣ ለመውረድ የምትፈልጉ ከወዲሁ እንድትዘጋጁ በትህትና እንጠይቃለን፣ በሬዲዮ ድምፅ ነው የምትለው፣ ሰው ቢሰማት አበደች ይላል፣ ይበል።

ግን ባቡሩ ጫፍ አይደርስም። ይቆማል ይነሳል፣ ይቆማል ይነሳል፣ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ደግሞ ነፍሱን ያወጣዋል፣ ከኋላው ሌላው ባቡር፣ ከዚያኛው ኋላ ሌላው፣ እንደ ዳቦ ሰልፍ ተደርድረው፣ ላይ ያሉት ሰዎች ጣቢያው ላይ ፊታቸው መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ እንካ፣ መብራት ጠፋ። አሁን ከበራው የጠፋው ይበልጣል። ሰውዬውም ሊመጣ ነው።

ሊመጣ ነው? አሁን አሁን እንኳ ቶሎ አይመጣም። ጨዋታ ለምዷል በእርጅናው! ድሮ ደረጃውን ሲወጣ ባርኔጣውን ነካ አድርጎ ሽው ነበር፣ ሰላምታ እንኳ እየቆጠበ፣ እሷ ናት ይሉኝታ ይዟት ስታስተባብልለት የኖረችው፣ አሁን ግን በየደጁ ይቆማል፣ አጥሩ ሥር ይቆማል፣ የዶሮዎቹን በረት ተደግፎ ይቆማል፣ ሰው እያደር ይለወጣል ብላ ደስ ብሏት ነበር፣ ግን ፀጉር ሠሪዋ ደጅ የሚቆመው ትንሽ አልበዛም? ራሱ እንደ እንቁላል ነው፣ ፀጉር ከተሰናበተው ስንት ዘመኑ፣ ፀጉር ሠሪ ቤት ምን አለው? እስቲ ሴትዮዋን አንድ ቀን አውጣጣታለሁ።

ተይው አሁን። መብራቱ።

አንድ መላ አለ፣ ታውቀዋለች፣ ግን ነፍሷ አትወደውም። ሌላ ባቡር፣ የማይቆም፣ ከገበያው ተነስቶ በሁሉም ደጅ ሽው ብሎ አልፎ ጫፍ ላይ ብቻ የሚቆም። ኩሩ ባቡር። እንዴት አድርጌ፣ በዶሮ ሻጯ ደጅ ሰላም ሳልል፣ ፊቴን አዙሬ… አንድ መብራት ጠፋ። ይሁን! ስድቧን ቻይው! ለብቻው ሐዲድ አወጣችለት፣ ከፊተኛው ጎን ለጎን፣ እንደ ድርብ ስፌት፣ ሰላምተኛው በአንዱ፣ ኩሩው በአንዱ፣ ተጫነች፣ ሄደ። አስተማሪውን አለፈ፣ ይቅርታ ጋሼ፣ ፀጉር ሠሪዋን አለፈ፣ እሷስ ደግ አደረገ፣ ዶሮ ሻጯን አለፈ፣ ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ገለጠች። ጫፍ ላይ ነው። ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ ፊቶቹ ቢጫ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ አንድ መስኮት በራ፣ አጠገቡ ያለው በራ፣ የሄዱት እየተመለሱ ነው፣ እልል! ኮረብታው ከጫፍ እስከ እግሩ እንደ ሠርግ ቤት በራ።

አሸነፈች። ከእንግዲህ ማን ያነሳታል ከዚህ ወንበር። እስቲ የት ደርሷል ብላ በመስኮቱ ብቅ ትላለች፣ እንዲህ ደስ ብሏት ብቻዋን አይሆንም።

ደረጃው ሥር ነው። ዘንቢሉን ይዞ። ጥቂት ወጣ፣ ቆመ። ፀጉር ሠሪዋ ደጅ! አላልኩም? ዘንቢሉን አስቀመጠ፣ አንድ እጁን መቃኑ ላይ አደረገ፣ እያወራ ነው፣ ምን እያወራ ይሆን፣ አንገቷን ታሰግጋለች፣ መነጽሯን ከግንባሯ ላይ ታወርዳለች።

በሩ ዝግ ነው።

ዝግ ነው፣ ጓጉንቸሩ ከውጭ ተንጠልጥሏል፣ ፀጉር ሠሪዋ ዛሬ ሙሽራ ልታስጌጥ ሄዳለች፣ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ስትወርድ በዓይኗ አይታታለች። ታዲያ ከማን ጋር ነው የሚያወራው? አፉ አይንቀሳቀስም። ትከሻው ነው የሚንቀሳቀሰው፣ ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ፣ እየሳቀ አይደለም። ዘንቢሉን አነሳ፣ ጥቂት ወጣ፣ አስተማሪው አጥር ሥር ቆመ፣ አስተማሪው ደግሞ ያለው ገበያ ነው፣ መንገድ ላይ እንኳ ሳይተላለፉ አይቀሩም፣ ለአጥሩ ባርኔጣውን ነካ አደረገለት፣ የሚያይ ካለ ብሎ። የሚያይ ካለ! ማን ያያል ሌላ፣ እኔው ነኝ የማየው፣ ለእኔ ነው ሰላም የሚለው። ስክሪኑ ላይ ሰላምተኛው ባቡር ዳገቱን ይወጣል፣ ይቆማል፣ ይነሳል፣ ይቆማል።

ደረቱ ነው። ከመቼ ጀምሮ? ጨዋታ ከለመደ ጀምሮ። ለጉልበትሽ ብዬ ነው አላለም? አንቺ ሴትዮ፣ የሰፈሩን ማንኮራፋት ሳይቀር ለይተሽ ታውቂያለሽ፣ የአልጋሽ ባለቤት ግን ትንፋሽ አጥሮት ከግድግዳ ጋር ወሬ ሲያወራ ቅናት ያዘሽ። በፀጉር ሠሪ! ሳቋ መጣ፣ ሳቁ ዓይኗን አቃጠለው፣ ቀሚሱን ከመሬት አንስታ በጫፉ ጠረገችው፣ የሰው ቀሚስ!

የዶሮዎቹ በረት ጋ ደርሷል። ዶሮ ሻጯ እንኳ አለች፣ የምር ሰላም አለችው፣ ጎሽ፣ ትንሽ አቆዪልኝ።

መብራቶቹን ታያለች። ሐዲዱን ከአንድ ቦታ ብትነቅለው ይጠፋሉ፣ ጣቷ ማውሱ ላይ ነው፣ ግን እንዴት አድርጋ፣ አሁን የተመለሱ ሰዎች፣ ዕቃቸውን ገና ያልፈቱ። አንጀቷ አልቻለም። ቀሚሱን ስክሪኑ ላይ ጣል አደረገችው፣ ባለ አንድ እጅጌውን።

በሩ ተከፈተ። ተቀመጥ። ምን? ተቀመጥ ብያለሁ፣ ዘንቢሉን አምጣ፣ ውሃ እንካ፣ ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን። ለምኑ? ለጉልበቴ ነዋ፣ እዚያ ከደረስን ደግሞ ደረትህንም ያዩታል። አያት፣ ውሃውን ጠጣ። ከዚያ አገጩን ወደ ቀሚሱ አደረገና፣ እህሳ? ጠፉ፣ አለችው። ሁሉም? ሁሉም፣ አንድ አልቀረም፣ ዳገት ላይ ሰው አይኖርም አላልክም፣ ደስ ይበልህ፣ ረትተኸኛል። ያሳዝናሉ፣ አለ። የምሩን ነው ያዘነው፣ የኔ ጌታ። ከጨርቁ ሥር መብራት ያለ መሰለኝ። የኮምፒውተሩ ነው፣ ውሃህን ጠጣ።

ስልኩ ጮኸ። እማዬ፣ ወሰናችሁ? እንመጣለን። ኧረ? አባዬ አስገድዶሽ ነው? ማንም አላስገደደኝም፣ ይልቅ ንገሪኝ፣ የዚያ ቤት መስኮት ወዴት ነው የሚያየው? ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ነው እማዬ፣ ትንሽ ጫጫታ ይኖረዋል እንግዲህ… ወደ ፌርማታው? ሰው ቆሞ የሚጠብቅበት? ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ? ታዲያ ይህን ቀደም ብለሽ አትናገሪም ነበር!

ትከሻው ይስቃል፣ አሁን የምር ሳቅ ነው፣ ታውቀዋለች፣ ከእንግዲህ ትለየዋለች። ከቀሚሱ ሥር ኩሩው ባቡር ሰላም ሳይል እያለፈ ነው፣ ኮረብታው በርቷል፣ ያሸነፈችው እሷ ናት፣ ለዶሮ ሻጯ ብትነግራት እንዴት ያለ ወሬ ይወጣዋል፣ ከአፏ ጫፍ ደርሷል፣ ወሬ እሷ ሆድ ውስጥ አድሮ አያውቅም። ሌላኛውን እጅጌ አነሳች፣ መርፌውን በጥርሷ ያዘች። ይህቺ ወሬ ግን ታድራለች። ትከርማለችም።