አንዲቷ «ያቆማሉ»

አክስቴ ከጎረቤት አገር ጋር ሆቴል ውስጥ ለሚደረገው የሰላም ድርድር አስተርጓሚ ሆና ስትቀጠር፣ ታይፕ ታደርግልኛለች ብላ እኔንም ይዛኝ ገባች። ፈተና ጨርሼ ቤት ቁጭ ብዬ ነበራ። «አፍሽን ብቻ ዝጊ» አለችኝ። እሱ ነው የከበደኝ።

ታላቅ ወንድሜ ቀጮ ድንበሩ ላይ፣ ወንዙ ጋ ምሽግ ውስጥ ነው። ከደወለ አስራ ዘጠኝ ቀኑ። እና ስጽፍ እያንዳንዷ ፊደል እሱን ከዚያ የምታወጣው ነው የሚመስለኝ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አደራዳሪው፣ ከሩቅ አገር የመጡ ሽማግሌ፣ ሁለቱም ወገኖች የተስማሙበትን ረቂቅ አመጡ። አክስቴ ተረጎመች፣ እኔ ጻፍኩ፣ አትመን አደልን። ወዲያው የጎረቤት አገሩ ጄኔራል መነጽራቸውን አውልቀው ተነሱ። ቋንቋችን እንኳ አንድ ነው፤ አስተርጓሚ ያስፈለገው ለአደራዳሪው ነው።

«‹ሁለቱም ወገኖች ጦራቸውን ወንዙ ጋ ያቆማሉ› ይላል። እኛ ጦር ልናቆም ነው እንዴ የመጣነው?»

የኛው ጄኔራል ሳቁ። «ካላቆማችሁ ታዲያ ለምን መጣችሁ?»

«እርስዎ አፍንጫዬ ስር ጦር ሊያቆሙ፣ እኔ ልፈርምልዎ?»

የጎረቤቱ ጄኔራል ቦርሳቸውን ዘግተው ወደ በሩ ሄዱ። አደራዳሪው ምኑ እንዳጣላቸው ግራ ገብቷቸው አክስቴን ያያሉ። እሷ ላብ በላብ ሆናለች። እኔ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ» አልኩ። አክስቴ በጫማዋ እግሬን ረገጠችኝ። «እርስዎ የገባዎት ‹ቤት አቆመ› የሚባለው ነው፣ መትከል። እሳቸው የሚሉት ደግሞ ‹መኪና አቆመ› የሚባለውን። ቃሉ ነው ያጣላችሁ። ‹ይገታሉ› ብንለውስ?»

የጎረቤቱ ጄኔራል ከበሩ ዞሩ።

«ይቺን ደግሞ ማን አስገባት?» አሉ ጄኔራሉ።

«የእህቴ ልጅ ናት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች አክስቴ።

«ይቅርታውን ይተዉትና ቃሉን ያስተካክሉት።»

ሁለቴ ተሳስቼ በሦስተኛው ጻፍኩት። ሰባት ሰዓት ላይ ፈረሙ፤ ተጨባበጡም። አስር ሰዓት ላይ መድፉ ዝም ይላል ተባለ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከስልኬ አልነቀልኩም። አስር ሰዓት ከሩብ ሲሆን ጠራ።

«ለፍላፊት» አለኝ ቀጮ። «ጸጥ አለ እኮ። ከምሽግ ወጥቼ ፀሐይ እየሞቅኩ ነው። ማዶ ያሉት ልብሳቸውን እያጠቡ ነው፣ እናያቸዋለን፣ ያዩናል።»

«እኔ እኮ ነኝ ያስማማኋቸው።»

«አዎ፣ ወንዙን የቆፈርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

አክስቴ ስልኩን ከእጄ ነጠቀችው። «አትሳቅ፣ እውነቷን ነው» አለችው። «ሁለት ጄኔራል አስተምራ ነው የመጣችው።»