ከታች የሚጀምር ውሃ

ዘንድሮ ለአቃቂ በሰቃ የመጣው የኮብልስቶን በጀት የሚበቃው ለአንድ ሰፈር ብቻ ነበር። ደንቡ መዋጮውን ቀድሞ ለሞላ ሰፈር ይሰጣል። የላይ ሰፈር ነጋዴዎች በሳምንት ሞሉ፤ እኛ የታች ሰፈር ሰዎች ግማሽ እንኳ አልደረስንም። እህቴ ፌኔት የምትወልደው በሐምሌ ነው፤ በዚያ ጭቃ አምቡላንስ ሰፈራችን አይገባም።

በጀቱ በድምፅ በሚጸድቅበት ስብሰባ ላይ ይህን ልናገር ፈልጌ እጄ አልነሳ አለኝ። ያኔ አባባ ያደታ ተነሡ። ድሮ የወንዙን ውሃ ለአትክልት ማሳዎች የሚያከፋፍሉት እሳቸው ነበሩ።

"ጃለታ፣ ውሃውን መጀመሪያ ለማን ነበር የምሰጠው?" ብለው የላይ ሰፈሩን ባለሱቅ ጠየቁት።

"ለእኛ ነዋ አባባ! ቦዩ የሚጀምረው ከእኛ ማሳ አይደል?"

"አባትህም እንዲህ እያለ ይሟገተኝ ነበር!" ሰው ሁሉ ሳቀ። "የማጠጣው ከመጨረሻው ማሳ ጀምሬ ነበር። ከላይ ከጀመርኩ ታች ያለው ሳይደርሰው ይደርቃል። ከታች ከጀመርኩ ግን ውሃው በአባትህ ደጅ ነው የሚያልፈው፤ ተራውን ቢጠብቅ አያመልጠውም።"

ጃለታ ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ "ዘንድሮ ለታች ሰፈር ይሁን፤ እኛ የከርሞውን እንጠብቃለን" ብሎ እጁን አወጣ። ከኋላው የላይ ሰፈር ሰዎች እጅ አንድ በአንድ ተነሣ። መዋጯቸውን ከፍለው የጨረሱ ሰዎች ናቸው! አፌን ከፍቼ አያቸው ነበር።

ሰብሳቢዋ ወይዘሮ መሰለች እየቆጠሩ እኔ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ።

"አንተስ የታች ሰፈሩ፣ መንገዱን አትፈልግም እንዴ?"

ለካ የራሴን እጅ ማውጣት ረስቻለሁ።