ፊዋ ትጠብቃለች

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። አንተም ሬዲዮኑን ቀነስ አድርገው፤ ዘፈኑ የትም አይሄድብህም። የምነግራችሁም ስለ እሱው ነው።

መሃሉ ላይ ሙዚቃው ድንገት ዝም ይልና የባለቤቴ ድምፅ ብቻውን ይቀራል አይደል? ያቺን ዝምታ አዋቂ ነን የሚሉት «የቤዝ ተጫዋቹ ጥበብ» ይሏታል። ቤዝ ተጫዋቹ እኔ ነኝ። ጥበብ አልነበረም ልጆቼ፤ ጥርጣሬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ቁልፍ ስፈልግ ነው። የካፖርቷ ኪስ ውስጥ እጄን ብሰድ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። በእሷው የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦

ሰፊው ቤቴ ባዶ ሆነ
ና ሙላልኝ ቶሎ

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ማጥበቅና ማላላትን ግን መምህሬ ጆሮዬን እየቆነጠጡ አስተምረውኛል። ፊዋ ከጠበቀች ትልቅ ቤት ነው። ከላላች ግን ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ሊሆን ነው፤ «አንተ ሰፊው፣ ቤቴ ባዶ ሆነ፣ ና» ልትለው። ወረቀት ደግሞ ይሄን ለይቶ አይናገር!

ለመሆኑ የትኛው ትልቅ ቤት? የምንኖረው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። አንዳችን ስንለብስ ሌላችን አልጋ ላይ እንወጣለን። ልብስ ሰፊ ግን ነበር፤ መንገዱ ጥግ ላይ፣ የመድረክ ቀሚሶቿን የሚሠራላት። በዚያ ወር ለአንድ ቀሚስ አራት ጊዜ ሄዳለች። አንዴ ወገቡ ጠበበኝ፣ አንዴ ትከሻው ወረደብኝ እያለች። አንድ ቀን በመስኮቱ ሳልፍ ሰውዬው መርፌ በከንፈሩ ይዞ ይስቃል፤ እሷም ትስቃለች። መርፌ ነክሶ የሚያስቅ ምን ወሬ ቢሆን ነው? አልኩ በሆዴ።

ወረቀቱን እንደነበረ አጥፌ መለስኩ። በማግስቱ ራሷ አመጣችው።

«ዘፈን ጻፍኩ» አለችኝ።

«ስለ ምን?»

«ስትሰማው ታውቀዋለህ።»

ከዚያ በኋላ እህል አልጣመኝም። ልምምድ ላይ ደግሞ ቃሉን ትታ ዜማውን ብቻ አንጎራጎረች፤ ድምፄን ለቀረጻው ላቆየው ብላ። ይሄም አጠራጠረኝ።

የቀረጻው ቀን ረፋዱ ላይ ገባን። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶን የተለበጠ ጠባብ ክፍል ነው። ያኔ ሁላችንም ባንድ ጊዜ ነበር የምንቀረጸው፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ሶል የሚሉት አዘፋፈንም ገና መግባቱ ነበር፤ ቃሉን ይጎትቱታል፣ ያለቅሱበታል። ጀመርን። እዚያች ቃል ጋ ልትደርስ ስትል ጆሮዬ ቆመ፤ ጣቴም የጊታሬ ክር ላይ ቀረ። ከበሮ መቺው አንድ ነገር ያሰብኩ መስሎት ዱላዎቹን አነሳ፤ ኦርጋን የሚጫወተውም እጁን ሰበሰበ። ክፍሉ ጭጭ አለ። እሷ ብቻዋን፣ ዓይኗን ጨፍና፣

«ሰ... ፊ... ው...»

ጎተተችው፣ አንቀጠቀጠችው። ጠበቀች? ላላች? ምኑ ይያዛል! ሶል ነዋ!

ዘግይቼ ገባሁ፤ እንደምንም ጨረስን።

«አንተ ሰውዬ፣ እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?» አለኝ ከበሮ መቺው።

«ይቅርታ፣ እንደገና እንጀምር» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ቃሏን ደግሜ ልሰማት ፈልጌ ነው። ግን የሸክላው አሳታሚ ከመስታወቱ ወዲያ እየሮጠ መጣ።

«ማንም እንዳይነካት! ይቺው ናት!»

እሷ ወደ እኔ ዞረች። «ለምን ቆምክ?»

«ጣቴ ደነዘዘ።» ዋሸሁ።

ሸክላው ወጣ። ምን ልበላችሁ፣ አገር ምድሩ በዘፈኑ ተሞላ። አውቶቡስ ውስጥ እሱ፣ ፀጉር ቤት እሱ፣ ሰርግ ቤት እሱ። ሰው እንኳን ደስ ያለህ ሲለኝ ከልቡ ነው ወይስ እያሾፈብኝ ነው እላለሁ። ቤት ስገባ የሸክላ ማጫወቻዋን መርፌ እዚያች ዝምታ ላይ እየመለስኩ ጆሮዬን ለጥፌ አዳምጣለሁ። ሸክላው እዚያ ቦታ ላይ እስኪጫጫር ድረስ!

ስምንት ወር እንዲህ ኖርን። አንድ ቀን በዚያ ጥግ ሳልፍ ልብስ ሰፊው አዲስ ታፔላ ሰቅሏል፤ በትልልቁ «ሰፊው ቤት» ይላል። ደሜ ፈላ። እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላውቅም። ባለቤቴ ድንች ትልጣለች።

«ፊዋ ትጠብቃለች ወይስ ትላላለች?» አልኳት በሩ ላይ ቆሜ።

«የቷ ፊ?»

«የሰፊው! ታፔላውን አላየሽም?»

መጀመሪያ ሳቀች። «እሱማ ደንበኛ ለመሳብ ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ በዘፈኑ እየቀለደበት...» ፊቴን ስታይ ሳቋ ጠፋ። ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ለዚህ ነው ያን ቀን የቆምከው?»

ገባ ብዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«ስምንት ወር ሙሉ ሸክላ ስትጠይቅ እኔን አጣኸኝ?»

«ቤታችን ሰፊ ነው እንዴ ታዲያ? ክርን ለክርን እየተጋጨን?»

«አንተ ስትኖርማ ጠባብ ነው። ሌላ ዘፋኝ ለማጀብ ከባንዱ ጋር ክፍለ ሀገር ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት ስትሄድብኝ ይሰፋል። ከአልጋው እስከ በሩ አገር ያህላል። ና ያልኩት አንተን ነው፣ አንተ ደንቆሮ።»

ከዚያ ሦስት ቀን አላናገረችኝም። አራተኛው ቀን መድረክ ነበረን። እዚያች ቦታ ደረስን፤ ሁላችንም ዝም አልን። ዞር ብላ ዓይን ዓይኔን እያየች ፊዋን እንደ ምስማር መታቻት። ሰው አጨበጨበ፤ እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወዲያ በዘፈነችው ቁጥር እንዲሁ ታደርገኝ ነበር።

ሸክላው ላይ ግን እንደዚያው ቀረ፤ ያው እንደምትሰሙት፣ አይለይም። ስለዚህ አደራ ልጆቼ፣ ስትዘፍኑት አስታውሱልኝ፤ ፊዋን አጥብቋት።