የአንዲት ክክ ውፍረት

ጉለሌ ውስጥ የመኪና ኮፈን ከፍቶ ብቻውን የቀረ ሰው የለም። ኮፈን ተከፍቶ ያየ መንገደኛ ሁሉ ይቆማል፤ የቆመ ሁሉ አንገቱን ያስገባል፤ አንገቱን ያስገባ ሁሉ ደግሞ የአጎቱ ልጅ መኪና ላይ ልክ ይኸው ችግር ደርሶ እንደነበር ትዝ ይለዋል። ዳቦ ሊገዛ የወጣው ዳቦውን ይረሳል። ለቅሶ ሊደርስ የሚሄደው እንኳን ኮቱን አውልቆ ቁልፍ ያቀብላል። ሸፊ ይህን ስለሚያውቅ ቅዳሜ ጠዋት ስፖርት መኪናውን ሊሠራ ሲነሳ መጀመሪያ ያደረገው የግቢውን በር ከውስጥ መቀርቀር ነበር። ሥራው ቶሎ እንዲያልቅ አልፈለገም። እውነቱ ከተነገረ ጭራሽ እንዲያልቅም አልፈለገም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ ገዢ አግኝታለች። የቀረው መሪዋ ብቻ ነው። መሪውን የሚያቀለው ፓምፕ ላይ ያለችው ፑሊ ጠርዟ ተሸርፎ የምትዞርበትን የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ መብላት ጀምራ ነበር፤ ቁስቋም ዳገት ላይ የመጨረሻውን ቺንጋ በልታ ከጨረሰች ወዲህ መሪው እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከብዷል። አዲስ ፑሊ ከሶማሌ ተራ ተገዝታ መጥታለች። እሷ ስትገጠም መሪው ይቀላል፤ መሪው ሲቀል ገዢው መጥቶ መኪናዋን ይወስዳል። በሸፊና በመለያየቱ መካከል የቀረችው የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ ብረት ብቻ ነበረች።

መኪናዋ ሰማያዊ ናት፣ ባለ ሁለት በር፣ ቁመቷ ከሸፊ እምብርት የማያልፍ። ሸፊ ዊንጌት አካባቢ መጋረጃና አንሶላ ይሸጣል፤ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ነጋዴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ስፖርት መኪና ነድቶ ሰፈር ሲገባ ሰፈሩ ለሰነበተበት ወሬ ሁሉ ፋታ ሰጠው። በጉለሌ መንገድ ስፖርት መኪና መያዝ ሚዳቋን በረት ውስጥ ማሰር ነው። ኮብልስቶኑ ሆዷን ይፍቃታል፣ ፍጥነት መቀነሻ ላይ በሰያፍ ካልሆነ አትወጣም፣ ከስልሳ በላይ ሮጣ አታውቅም። መሮጥ ግን ትችላለች። ለሸፊ መቻሏ ይበቃው ነበር። ማታ ሱቁን ዘግቶ ሲገባባት፣ ቀኑን ሙሉ «ቀንስልን» ሲለው የዋለውን ሰው ሁሉ ይረሳዋል።

የመሸጡ ነገር የመጣው ከእናቱ ከእማማ ቡርቱካን ዳሌ ነው። ባለፈው ክረምት ደጃፍ ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ፤ ሐኪሙ ብረት አስገባላቸውና በየሳምንቱ ሆስፒታል እየተመላለሱ እግራቸውን እንዲያለማምዱ አዘዘ። ስፖርት መኪና ደግሞ መሬት ለመሬት የምትሄድ ነገር ናት። እማማ ቡርቱካንን ለማስገባት ሸፊ ከላይ ይይዛል፣ ሚስቱ ሰልዋ ከታች እግራቸውን ታጥፋለች፣ ሦስቱም ባንድነት ቢስሚላህ ይላሉ። ለማውጣት የሆስፒታሉ ዘበኛም ይጨመራል። እማማ ቡርቱካን አንድም ቀን አላማረሩም። አንዴ ብቻ ዘበኛው ሲስባቸው፣ ከመሬት የሚቆፈር ድንች መሰልኩ ብለው ሳቁ። ሸፊም አብሮ ሳቀ፤ ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለው። በማግስቱ መኪናዋን ሸጦ ከፍ ያለች ባለ አራት በር እንደሚገዛ ተናገረ። ሽጥ ያለው ሰው አልነበረም። ስለዚህም የሚወቅሰው ሰው አጣ።

ገዢው ቤዛብሕ ይባላል፤ እዚያው ሰፈር ተወልዶ ያደገ፣ ባንክ ቤት የሚሠራ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ለመዘምራኑ ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ ነው። መኪናዋን ሊያይ ሲመጣ ሸፊ ደስ አለው፤ ምክንያቱም የሚያባርርበት ዘዴ በእጁ ነበር። ሱቁን ያቋቋሙት እማማ ቡርቱካን ናቸው፤ ሱቁን ሲያወርሱት አንድ ሕግ አብረው አውርሰውታል። መጀመሪያ እንከኑን፣ ቀጥሎ ዋጋውን። ጨርቁ ተዘርግቶ፣ ጉድፉ ላይ ጣት ተደርጎ፣ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ከሆነ ከፋብሪካ፣ እዚሁ ሱቅ ውስጥ ያገኘው ከሆነም ከሱቅ ተብሎ ይነገራል። እንከኑን ሳትነግር የሸጥከው ዕቃ ዞሮ ቤትህ ይመጣል ይሉ ነበር፤ ዕቃው ባይመጣ እንኳ ኃጢአቱ አድራሻህን አያጣውም።

ሸፊ እንግዲህ ጀመረ። የቀኙ መስኮት አይወርድም አለ። ነዳጅ ትጠጣለች፣ ብርድ ሲሆን ሁለተኛ ማርሽ አትቀበልም፣ የኋላው ወንበር ለጃኬት እንጂ ለሰው አልተሠራም አለ። በሕይወቱ እንዲህ እየተመኘ እንከን ቆጥሮ አያውቅም። ቤዛብሕ በእያንዳንዱ እንከን አንገቱን ነቀነቀ፤ ሲያልቅ ፊቱ በራ።

«ጋሽ ሸፊ፣ እኔ የምፈራው ያልተነገረኝን እንከን ነው» አለ። «አንተ ዘንድ ደግሞ እሱ የለም። እማዬ የቤታችንን መጋረጃ በሙሉ ካንተ ነው የገዛችው።»

ሸፊ በገዛ ስሙ ተሸነፈ።

ለዚህ ነው ቅዳሜ ጠዋት በሩን ቀርቅሮ፣ ሱቁን ለሰልዋ ትቶ፣ ብሎኖቹን አንድ ባንድ እየፈታ በቤንዚን ያጥብ የነበረው። ቆሻሻ ያልነካውንም አጠበ። እናቱ ፀሐይ ላይ የፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ያዩታል። ለምን እንደሚንቀራፈፍ ሲጠይቁት ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አላቸው። እንቁላሉ በዚህ አያያዙ ዶሮም ሆኖ ከዚያው እንደማይነቃነቅ ነገሩት።

ረፋዱ ላይ ጎረቤታቸው ጋሽ ግዛቸው መሰላል አቁመው ከአጥሩ በላይ ብቅ አሉ። ሰውየው ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚያሳስባቸው የራሳቸው ጉዳይ ስለሌለ የሰው ጉዳይ ያሳስባቸዋል። ሸፊ በረጅሙ ተነፈሰና አሮጌዋ ፑሊ ዘንጉ ላይ ተነክሳ እንደተቀመጠች፣ ያለ ማውጫ መሣሪያ እንደማትወጣ፣ መሣሪያው ደግሞ በቀላሉ እንደማይገኝ፣ ምናልባት በሚቀጥለው ወር ሊሆን እንደሚችል አስረዳቸው። ጋሽ ግዛቸው ጭንቅላታቸው ከአጥሩ ላይ ጠፋ። ሸፊ እፎይ ብሎ አንድ ያጠበውን ብሎን ደግሞ ማጠብ ጀመረ። ብሎኑ ሳይደርቅ በሩ ተንኳኳ፤ ጋሽ ግዛቸው ከአማቻቸው ጋራዥ መሣሪያውን ተውሰው፣ መንገድ ላይ ያገኟቸውን ሁለት ሰዎችም ይዘው ቆመዋል። በሩ ሲከፈት ከእንጦጦ አጣና ጭኖ የመጣ ሹፌርም አብሮ ገባ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ያ አንድ ሰው ሎሚውን ለብቻው ተሸክሞ መቆየት ከፈለገ ምን ያድርግ የሚለውን ግን ተረቱ አይነግረንም። አንዱ መብራት ያዘ፣ አንዱ ዘንጉን ደገፈ፣ ሹፌሩ ሁሉንም ተሳሳታችሁ አለ፤ የቀትሩ ሶላት አዙሁር ሳይደርስ አሮጌዋ ፑሊ ወጥታ መሬት ላይ ተንከባለለች። ሸፊ አመሰገናቸው። ከልቡ ግን አልነበረም።

ሰዎቹ ለምሳ ሲበተኑ አዲሷን መግጠም ለሱ ቀረለት። አገጣጠሙ ቀላል ነው። ረጅም ብሎን ዘንጉ መሐል ይገባል፣ ብሎኑ ላይ የሚዞረው ዳዶ በጠበቀ ቁጥር ፑሊዋን እየገፋ ያስገባታል፤ የዘንጉ አፍና የፑሊዋ ፊት እኩል ሲሆኑ ያበቃል። ሸፊ አጠበቀ። ፑሊዋ ገባች፣ ገባች፣ ገባችና የአንዲት የባቄላ ክክ ውፍረት ሲቀራት ቁልፉን አቆመ። ይህች ክክ ካልገባች ቺንጋው ይጣመማል፤ የተጣመመ ቺንጋ ያፏጫል፤ የሚያፏጭ መኪና ማንም አይገዛም። ዳዶው አልሄድ አለኝ አለ ለራሱ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ቺንጋውን አጥልቆ ሞተሩን ሲያስነሳ መሪው እንደ ድሮው ቀለለ፤ ከኮፈኑ ሥር ግን በር እንደተዘጋባት ድመት ያለ ጩኸት ተሰማ። ሸፊ ከገዛት ጀምሮ እንዲህ የሚጥም ድምፅ ከሷ ሰምቶ አያውቅም። ቀና ሲል የእናቱ መቁጠሪያ ቆሟል። እማማ ቡርቱካን መልሰው ማንከባለል ጀመሩ።

እሑድ ቤዛብሕ ከቤተ ክርስቲያን ከነክራቫቱ መጣ። ጋሽ ግዛቸው ሥራው በከፊል የእሳቸው ስለሆነ ተከትለው ገብተዋል። ሸፊ ሞተሩን አስነሳ። ጩኸቱ ግቢውን ሞላው። ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ጆሮ አለውና ቤዛብሕ ፊቱን ጨመደደ።

ሸፊ የጠበቀው ሰዓት ይህ ነበር። ፑሊዋ በደንብ አልተቀመጠችም አለ፤ ቺንጋውን ትበላለች፣ ቺንጋው ሲበጠስ መሪው ይከብዳል፣ ዳገት ላይ ከሆነ ደግሞ አላህ ይጠብቅህ። አንዲት ቃል ውሸት አልተናገረም። ቤዛብሕ ጥቂት አሰበና ሳቀ።

«በቃ ነገርከኝ አይደል?» አለ። «እወስዳታለሁ። ሌላውን እኔ አሠራዋለሁ።» ቁልፉን ለመቀበልም ሁለት እጁን ዘረጋ።

ሸፊ ቁልፉን አውጥቶ ሊያቀብለው ሲል እናቱ ከወንበራቸው ሆነው ጠሩት።

«ሸፊ፣ እንከኑ ከየት የመጣ ነው?»

«ከፑሊዋ ነዋ፣ እማ።»

«ይዛው የመጣችው ነው ወይስ እዚህ ያገኘችው?»

ጋሽ ግዛቸው ወደ ፑሊዋ አዩ። ቤዛብሕ እጁን እንደ ዘረጋ ቀረ። ሸፊ አንገቱን ደፋ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየጉድፉ ላይ ያስቀመጠው ጣት አሁን የት ሊያርፍ እንደሆነ ገባው።

«እዚህ ያገኘችው ነው» አለ። «እኔ ነኝ ያጎደልኩት። አውቄ ነው።»

መኪናዋ አሁንም ታፏጫለች። ሸፊ እጁን ሰዶ ሞተሩን አጠፋው።

«ልሸጣት አልፈልግም፣ እማ» አለ። በአርባ ስምንት ዓመቱ ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ፤ አፈረም።

ቤዛብሕ ክራቫቱን ላላ አደረገ። ጥሩ ልጅ ነው። «ጋሽ ሸፊ፣ ይቅር ካልክ ይቀራል» አለ። «አልቀየምህም። መኪና ሌላም አለ።»

የማምለጫ በር ተከፈተለት ማለት ነው። ማንም አልከለከለውም፣ ማንም አልተቀየመውም፤ አይሆንም የሚል ሰው በግቢው ውስጥ አልነበረም። ሸፊ እናቱን አየ። እማማ ቡርቱካን የማይታጠፈውን እግራቸውን ወደ ፊት ዘርግተው፣ ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል።

«እኔም ዳሌዬ እንዲሰበር አልፈለግኩም» አሉ። በቁጣ አልነበረም፤ የአየሩን ሁኔታ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

ሸፊ ቁልፉን ለቤዛብሕ አልሰጠውም። ኪሱ ከተተውና የመፍቻውን ቁልፍ አነሳ። ቺንጋውን አወለቀ፣ ረጅሙን ብሎን መልሶ ዘንጉ ውስጥ አስገባ፣ ዳዶውን ያዘ። ጋሽ ግዛቸው ላግዝ ሲሉ አይ አለ። ትናንት አልሄድ ያለው ዳዶ ዛሬ እንደ ቅቤ ሄደ። የዘንጉ አፍና የፑሊዋ ፊት እኩል ሆኑ፤ እኩል መሆናቸውን በዓይኑ ብቻ አላመነም፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ትናንት ቀኑን ሙሉ የተንቀራፈፈበት ሥራ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀም። ሞተሩ ሲነሳ የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ነበር። በአንድ ጣቱ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ አዞረው። ከዚያ ወርዶ ቁልፉን ሰጠ፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዳያስገድዳት ደግሞ ነገረው።

ቤዛብሕ በሰያፍ አድርጎ ከበሩ አወጣት፤ ያን ማንም አልነገረውም ነበር። ጋሽ ግዛቸው መዞሪያው ድረስ እየመሩ ተከተሉት። ሸፊ በሩ ላይ ቆሞ ጆሮውን አቀና። ታች ካለው ዳገት የሞተር ድምፅ ወደ ግቢያቸው አይደርስም፤ የሚደርሰው ፉጨት ብቻ ነው። ሸፊ መኪናዋ ዳገቱን ጨርሳ ወደ ዊንጌት ትታጠፋለች ብሎ እስከሚያስብበት ድረስ ጠበቀ።

«ይሰማል?» አሉ እናቱ።

«ምንም አይሰማም።»

«ጥሩ አድርገህ ነዋ የገጠምከው።»

«አዎ» አለ ሸፊ። «ጥሩ አድርጌ ነው የገጠምኩት።» ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳዞረ በእጁ በያዘው ጨርቅ ዓይኑን ጠረገ። ተመልሶ ሲገባ እናቱ ቀና ብለው አዩት።

«ሄደህ ፊትህን ታጠብ» አሉት፤ «ግሪስ ሆኗል።»